መሪው ሲያቃስት፣ ሲያንኳኳና ሲጢጥ ሲል

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዘጌ የምመላለስበት ቪጎ ፒክአፕ አለኝ። ጠዋት ላይ መኪናውን ለማዞር መሪውን ስጠመዝዝ ያቃስታል፣ ይከብዳልም። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ከሥር «ጓ» ይላል። ጋራዥ ወስጄው «ፖምፓው አልቋል፣ ይቀየር» አሉኝ። ልቀይረው ወይ? (አንባቢ፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ገና አይቀይሩ። የነገሩን ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ማቃሰቱ መሪውን የሚያቀልለው ዘይት ጉዳይ ነው፤ «ጓ» የሚለው የመገጣጠሚያ። ፖምፓውን፣ ማለትም ያንን ዘይት የሚገፋውን፣ ቢቀይሩ ሁለተኛው እንዳለ ይቀራል።

መሪን ጫፍ አድርሶ መያዝ ጤነኛውን መኪና ሳይቀር ያስጮኸዋል፤ ግፊቱ መሄጃ አጥቶ በቫልቩ ስለሚያፏጭ ነው። የእርስዎ ግን ገና ግማሽ ሳይዞር የሚያቃስት ከሆነ ኮፈኑን ይክፈቱና የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያውን ይዩ። ዘይቱ ቀይና ጥርት ያለ መሆን አለበት። አረፋ ይዞ ወደ ሮዝ ከነጣ አየር ገብቶበታል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ዕድሜውን ጨርሷል። ጎድሎ ካገኙት ደግሞ ሞልተው ብቻ አይለፉት፤ የመሪ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አያልቅም፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈሷል። ከመሪ ራኩ (የመሪውን ዙር ወደ ግራ ቀኝ ግፊት ከሚቀይረው አግዳሚ ክፍል) ግራና ቀኝ ያሉትን እጥፍጥፍ የላስቲክ መሸፈኛዎች ይጫኗቸው። ውስጣቸው ዘይት ካለ የራኩ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ላስቲክ) ለቋል።

ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ፖምፓ የሚገዛው ግን በሌላ ነገር ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚወርደው ወፍራም ቱቦ ሳቢ ነው፣ ዘይት የሚገፋ አይደለም። ቱቦው ደርቆ ወይም ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ላልቶ ከሆነ ውጭ አንድ ጠብታ ሳይታይ አየር ይስባል፤ ፖምፓው ደግሞ አየር ሲውጥ ልክ እንዳለቀ ፖምፓ ይጮኻል። ቱቦውን ጫፉ ላይ ጎንበስ አድርገው ይዩት፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳየ ቱቦውንም ፋሼታውንም ይቀይሩ። ወጪው ከፖምፓ ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ አየሩ ይውጣ። የሚጨመረው ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለው ቀይ ዘይት ነው፤ አሮጌው ጠቁሮ ከሆነ ሙሉ በሙሉ እንዲቀየር 2 ሊትር ይያዙ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው ከሥር ድጋፍ ያድርጉ። ሞተሩ ሳይነሳ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብለው 10 ጊዜ ያህል ያዙሩ፤ በየመሃሉ ዘይት ይሙሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ያለ ነዳጅ መርገጫ 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገሙት፣ ጫፍ ላይ ከ2 ወይም 3 ሰከንድ በላይ አይያዙት። መኪናውን መሬት ያውርዱ። ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ልክ ምልክት ያድርጉበት፤ አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይዩ። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ካለ አየር ገና አለ፣ ይድገሙ። ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ዘይቱም ጥርት ብሎ እያለ ካቃሰተ ያኔ ስለ ፖምፓ ማውራት ይቻላል።

ወደ «ጓ» እንሂድ። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ በትንሹ ያወዛውዝ፤ እርስዎ ከሥር ገብተው እያንዳንዱን ቴስቲኒ (ራኩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የዘንግ ጫፍ) በእጅዎ ጨብጠው ይያዙ። ያለቀው በመዳፍዎ ውስጥ «ቀጭ» ሲል ይሰማዎታል። ድምፁ ከሾፌሩ እግር በኩል ከመጣ የመሪ ዘንጉን ክሮቼራ (ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ይጠርጥሩ፤ ራኩን ከሻንሲ ጋር የያዙት ጎሚኒዎችም (የላስቲክ ትራሶች) ሲያልቁ እንዲሁ ያንኳኳሉ። ከዚያ ጎማውን አንስተው ግራና ቀኝ ጎኑን ይዘው ይነቅንቁ፦ ልቅነት ካለ ቴስቲኒ ነው። ላይና ታቹን ይዘው ሲነቀንቁ ልቅነት ካለ ደግሞ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የሚይዘው ኳስ መሳይ መገጣጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ።

ቴስቲኒ ሲቀየር አሮጌው ስንት ዙር ተዞሮ እንደወጣ ተቆጥሮ አዲሱ በዚያው ይግባ፤ ከዚያ በኋላም አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግድ ነው። አለበለዚያ የፊት ጎማው በጥቂት ሳምንት ውስጥ በአንድ ጎኑ ይላጫል። የቦል ጆይንት ልቅነትን ግን ለነገ አያሳድሩት፤ ከተነቀለ ጎማው ከሥር ታጥፎ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ በጋ ላይ መሪዬ ሲዞር ሲጢጥ ይላል፤ ዘይቱ ሙሉ ነው። (አንባቢ፣ ከዘጌ መንገድ)

መልስ፦ ድምፁ ከውስጥ ከሆነ የመሪ ዘንጉ ወለሉን በስቶ የሚያልፍበት ላስቲክ ደርቋል። ሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት፤ ተራው ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ከፊት ጎማው በኩል ከሆነ የቦል ጆይንቱ መሸፈኛ ተቀዶ አቧራ ገብቶበታል። የግሪስ ኒፕል (ግሪስ የሚሞላበት ቀዳዳ) ካለው አዲስ ግሪስ አሮጌውን እስኪያስወጣ ይሙሉት፤ ከሌለው መለወጥ ነው። መኪናን ሐይቅ ዳር እስከ አክስሉ ውሃ ውስጥ ነድቶ ማጠብም ለእነዚህ መሸፈኛዎች ደግ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከጭቃ ወጥቼ አስፋልት ላይ ስታጠፍ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ «ቋ ቋ» ይላል።

መልስ፦ ፎር ዊሉን ሳያወጡ ቀርተው ይሆናል። ፊትና ኋላው ተቆልፎ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ ጎማው ማንሸራተቻ ስለሚያጣ ይንቀጠቀጣል። ወደ ቱ ዊል መልሰውም «ቋ ቋ» ካለ ከፊት አክስሉ ጫፍ ያሉትን እጥፍጥፍ የላስቲክ መሸፈኛዎች ይዩ፤ ከተቀደዱና ግሪስ ወደ ጎማው ውስጠኛ ጎን ከተረጨ ሲቪ ጆይንቱ (የፊት አክስሉ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አልቋል።