ሊሸጥ ያለ ቤት የውጭ ቀለም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቪላችንን ልንሸጥ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተቀባው ክሬም ቀለም በመንገድ በኩል ሦስት አራት ቦታ ተልጧል፤ መስኮቱ ሥርም ቀጭን ስንጥቅ አለ። ያኔ የተረፈ ግማሽ ጋሎን ቀለም አለን። በእሱ የተላጠውን ብቻ ብንነካካው አይበቃም? (ከአያት)

መልስ፦ ባይነካኩት ይሻላል። የግድግዳው ቀለም ስምንት ዓመት ፀሐይ መትቶት ደብዝዟል፤ ጣሳ ውስጥ የቆየው ግን የድሮ መልኩን እንደያዘ ነው። የነካኩት ቦታ ሁሉ ከመንገድ ማዶ ይለያል፤ ገዢም ከሥሩ ምን እንደተሸፈነ መጠርጠር ይጀምራል። ጥገናው ትንሽ ቢሆንም ቀለሙን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያድርሱት። ማዕዘን ላይ ብርሃኑ ራሱ ስለሚለወጥ በሁለቱ ገጾች መካከል ያለውን ትንሽ ልዩነት ዓይን አይይዘውም።

ቀለሙን ለማመሳሰል ፀሐይ ከሚመታው ከጎኑ ግድግዳ የሣንቲም ስፋት ያለው ቅራፊ በቢላ አንስተው፣ አቧራውን አጥበው ወደ ቀለም ቤት ይውሰዱ። የተበጠበጠልዎትን ካርቶን ላይ ቀብተው ሳይደርቅ አይፍረዱ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ ይጠቁራል። ከደረቀ በኋላ አንዴ በጥላ፣ አንዴ በፀሐይ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ይዩት።

ከዚያ መዳፍዎን ግድግዳው ላይ ያሻሹ። ያረጀ ቀለም የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ከያዘ አዲሱ ቀለም የሚጣበቀው በዱቄቱ ላይ ነው፤ በአንድ ክረምት አብሮት ይወርዳል። በውሃና በብሩሽ አጥበው ያድርቁት፤ አሁንም ዱቄት ከሰጠ መጀመሪያ ፕራይመር (ማያያዣ የሥር ቀለም) ይቀባ። የተላጠውን ዙሪያ በስፓቱላ ይፋቁ፤ በቀላሉ የሚነሳው እስኪያልቅ አይቁሙ። የቀረው ጠርዝ እንደ ደረጃ ስለሚቆም በ80፣ ቀጥሎም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ጣትዎን ሲያሳልፉ ጠርዙ መሰማት የለበትም። ይህን የዘለለ ቀቢ ሁለት እጅ ቢቀባም የተላጠው ቅርጽ በማታ ፀሐይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ስንጥቁን በስለት ጫፍ በትንሹ ከፍተው፣ አቧራውን አውጥተው ለውጭ በተሠራ አክሪሊክ መሙያ ይድፈኑት። ስቱኮ ለውጭ አይሆንም፤ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይረግፋል።

ልክ፦ 9 ሜትር በ3 ሜትር ግድግዳ 27 ካሬ ነው፤ መስኮቱ 4 ካሬ ቢቀንስ 23 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 46 ካሬ ይሆናል። ሸካራ ልስን ላይ አንድ ሊትር ወደ 8 ካሬ ስለሚሸፍን 6 ሊትር ግድም ያስፈልጋል። ሁሉም ጋሎን እኩል ስላልሆነ ሊትሩን ጣሳው ላይ ያንብቡ። ሁሉንም ጣሳ አንድ ባልዲ ውስጥ ቀላቅለው ይጀምሩ፤ አለዚያ ግድግዳው መሃል ላይ መልኩ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የሳሎናችን ግድግዳ ግርጌ በውጭ በኩል ነጭ ዱቄት እያወጣ ቀለሙን ይጥላል። ቀለም ቀቢው «ደፍነን እንቀባዋለን፣ ቤቱ እስኪሸጥ ይቆያል» ይላል። (ከለቡ)

መልስ፦ እባክዎ አይስማሙ። ይህ ዱቄት ከላይ እንዳነሣነው የቀለም ዱቄት አይደለም፤ ጨው ነው። ከመሬት የወጣው እርጥበት በሲሚንቶና በብሎኬቱ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሟቶ ያመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ፊት ላይ ይቀራል፤ ቀለሙንም ከኋላው ይገፋዋል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈልጉ፦ አሸንዳው ይፈሳል? የውሃ መውረጃው ግርጌው ላይ ይደፋል? የአበባ መደብ አፈር ግድግዳውን ነክቷል? አፈሩን ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ካጠቡት ተመልሶ ይገባል።

መድረቁን ለማወቅ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው አንድ ቀን ያቆዩት። ከግድግዳው በኩል ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ጊዜ ከሌለዎት ፍቀው እንዳለ ይተዉትና ምክንያቱንና የወሰዱትን እርምጃ ለገዢ ይንገሩ። እርጥበት ሸፍኖ መሸጥ በሰው ላይ በደል ነው፤ ጉድለት እያወቀ የደበቀ ሻጭም በኋላ ሊከሰስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የግቢው በር ታችኛው ክፍል ዝጓል። ቀለም ደርበንበት ብንተወውስ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዝገቱ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል፤ በጥቂት ወራት ቀለሙ አብጦ ይላጣል። የላላውን በሽቦ ብሩሽ ያስወግዱ፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይሹ፣ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት ከልካይ የሥር ቀለም) ይቀቡ። የተራቆተ ብረት ሌሊቱን ካደረ እንደገና ይዝጋል። አንድ ቀን አድርቀው የዘይት ቀለም ሁለት ስስ እጅ ይቀቡ፤ ወፍራም አንድ እጅ ይንጠባጠባል። በሩ የቆየ ከሆነ የድሮው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ እያራሱ ይሹት፤ ልጆች አይጠጉ።

ጥያቄ፦ ገዢው የሚመጣው በነሐሴ ነው። በክረምት መቀባት ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ በሩንና ቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለውን በረንዳ ይቻላል። ዝናብ የሚያገኘውን ግድግዳ ግን አይቻልም፤ ላዩ ደርቆ ቢያዩትም ልስኑ ውስጥ ውሃ አለ። አጥበው ብቻ ያሳዩት፤ ንጹሕ አሮጌ ቀለም ከሚያብጥ አዲስ ቀለም ይበልጣል። ቀጠሮው ወደ ጥቅምት ከተገፋ በጠዋት፣ ግድግዳው ጥላ ሳለ ይቀቡ።