ከሁለተኛው በ19 በመቶ ዝቅ ብለሽ ካሸነፍሽ፣ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ አይዞሽ? ሁለቱንም ልበል። ጥያቄሽን እንደገባኝ ላስቀምጠው። በሁለት ጨረታ ውድ ሆነሽ ወደቅሽ። በሦስተኛው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አሸነፍሽ። ግን የፋይናንስ ፖስታው ሲከፈት ከሁለተኛው በ19 በመቶ ዝቅ ብለሽ ተገኘሽ። አሁን «ልፈርም ወይስ የጨረታ ማስከበሪያዬ (ለመወዳደር ያስያዝኩት ዋስትና) ይወረስ?» ነው ያልሽው። እኔም እንዲህ አሸንፌ አውቃለሁ። ያን ቀን ቢሮው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔ ሆዴን ቆርጦኝ ነበር።

መጀመሪያ የሌሎቹን ዋጋ እርስ በርስ አስተያዪ። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ የወጡት በ4 በመቶ ውስጥ ናቸው ብለሻል። ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም። ሦስት ሰው ለየብቻው አስልቶ አንድ ቦታ ላይ ከደረሰ፣ መንገድ የሳትሽው አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም። ዋጋዎቹ ተበታትነው ቢሆን ሌላ እልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የነዳጅ ኩባንያ መሐንዲሶች የነዳጅ መሬት በጨረታ የሚያሸንፉ ኩባንያዎች ለምን ያሰቡትን ትርፍ እንደማያገኙ ጽፈው ነበር። መልሳቸው ቀላል ነው፤ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ከሁሉም አብልጦ የገመተው ነው። እነሱ ጋ ብዙ የሰጠ ያሸንፋል፣ እኛ ጋ ትንሽ የጠየቀ። ጣጣው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ጉድጓዱን፣ ማለትም ዋጋሽ ላይ የጎደለውን ወጪ፣ ፈልጊ። ጉድጓዱ ደግሞ በሁሉም መስመር ላይ ተበትኖ አይገኝም። ከልምዴ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ነው የሚደበቀው። ቢኦኪውሽን (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝርሽን) በጠቅላላ ዋጋ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሪው። ከላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች አብዛኛውን ገንዘብ ይይዛሉ። የበር እጀታ ላይ ጊዜ አታጥፊ። አርማታ፣ ፌሮ (የአርማታ ብረት)፣ ፎርምወርክ (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ)፣ ግንብ፣ አሉሚኒየም፣ ኤሌክትሪክና ሳኒተሪ ላይ ቁጭ በይ።

ስትፈትሺ ያንኑ ስሌት እንደገና አትድገሚው። ዓይን የራሱን ስህተት አያይም። በሌላ መንገድ ነይበት። ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) በ1 ሜትር ኩብ አርማታ 6.7 ካሬ ሜትር ያህል ፎርምወርክ ይፈልጋል። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ኮለን (ምሰሶ) 10 ካሬ ይፈልጋል፣ 30 በ30 ከሆነ ከ13 በላይ። ያንቺ ፎርምወርክ ለአርማታው ሲካፈል ከዚህ በጣም ከራቀ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። ፌሮም እንዲሁ ነው። ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር በራሱ አባዝተሽ ለ162 ስታካፍዪ በሜትር ስንት ኪሎ እንደሆነ ይሰጥሻል። ባለ 12ቱ 0.89 ኪሎ ነው። ባለ 12ቱን ባለ 10 ብሎ መጻፍ የእጅ ስህተት ይመስላል፤ በክብደት ግን ባለ 12ቱ በ44 በመቶ ይበልጣል።

ነጠላ ዋጋ (የአንድ መለኪያ ዋጋ) ላይ ደግሞ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። 1 ለ 2 ለ 4 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) አርማታ ሲሰላ ጀማሪ 1 ሜትር ኩብን ለ7 ያካፍላል። ሲሚንቶው 4 ከረጢት ገደማ ይወጣለታል። ደረቁ ቁስ ውሃ ሲነካውና ሲጠቀጠቅ እንደሚያንስ ረስቷል። መጀመሪያ በ1.54 ማባዛት ነበረበት። እንደዚያ ሲሆን ባለ 50 ኪሎ 6.3 ከረጢት ይደርሳል፣ ያውም ብክነት ሳይጨመርበት። ቁፋሮም ያው ነው። የሚከፈልሽ በመሬቱ ውስጥ በተለካው መጠን ነው። መኪና ላይ የሚጫነው ግን የተፈታ አፈር ነው፤ እንደ አፈሩ ዓይነት 25 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያብጥ ይችላል። ማጓጓዣውን በመሬቱ ልክ ካሰብሽው ከአምስት መኪና አንዱን በነፃ እያስጫንሽ ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። አንድ አዳራሽ ያለበት ሕንፃ ዋጋ ሞላሁ። የፎርምወርኩን ነጠላ ዋጋ ከዚያ በፊት ከሠራነው መኖሪያ ሕንፃ ላይ እንዳለ ወሰድኩት። የመኖሪያው ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ነበር። የአዳራሹ 6.4 ሜትር። በካሬ ሜትር ሲታይ ሶሌታ ሶሌታ ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ሕንፃ ማቆም ነበረብን። ድጋፉ በእጥፍ ረዘመ። ረዥም ድጋፍ ብቻውን አይቆምም፣ እንዳይታጠፍ መሃል ለመሃል ማሰሪያ ይፈልጋል። አናጢዎቹ መሬት ላይ ሆነው ይጨርሱት የነበረውን መወጣጫ ላይ ሆነው ሠሩት። ከሁሉም የከፋው አርማታው እስኪጠነክር ያ ሁሉ ብረት እዚያው ታስሮ መቆየቱ ነው፣ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል። ከኪሳችን ሞላነው። ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። ከፍታው ቢኦኪው ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። መጠኑንና መለኪያውን አይቼ መግለጫውን ዘልዬዋለሁ። ስለዚህ አንቺም እባክሽ መግለጫዎቹን እስከ መጨረሻው ቃል አንብቢ። የቴክኒክ ስፔሲፊኬሽኑንና የቢኦኪውን መግቢያም ጨምሪ። የፌሮ መደራረቢያና ቁርጥራጭ ለብቻው ይለካል ወይስ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ነው የሚለው እዚያ ነው የሚገኘው።

ሁለተኛው የምጠረጥርሽ ቦታ የሳይት ወጪ ነው። «ለተዘዋዋሪ ወጪ 8 በመቶ ጣልኩ» ብለሻል። ከየት መጣ 8ቱ? የሳይት መሐንዲስ፣ ፎርማን፣ ስቶር ኪፐር፣ ጥበቃ፣ ጊዜያዊ ቢሮ፣ ውሃና መብራት፣ ክሬን፣ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ዋስትና ኮሚሽን፤ እነዚህ አብዛኞቹ በወር ነው የሚበሉት። የወሩን ደምሪና በፕሮጀክቱ ወራት አባዢው። ከዚያ ከቀጥታ ወጪው ስንት በመቶ እንደሆነ እዪ። በመቶኛው ከስሌቱ መውጣት አለበት እንጂ ስሌቱ ከመቶኛው አይወጣም። በ14 ወር ይለቅ የተባለ ሥራ 20 ወር ከፈጀ በመቶኛ የጣልሽው ሁሉ ያልቃል።

የገንዘብ ፍሰቱንም አትርሺ። በፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) እ.ኤ.አ. የ1999 ቀይ መጽሐፍ፣ ማለትም መደበኛ የግንባታ ውል፣ ክፍያ የሚፈጸመው መሐንዲሱ የክፍያ ጥያቄውን ከተቀበለ በ56 ቀን ውስጥ ነው። በወሩ መጀመሪያ ያፈሰስሽው አርማታ ገንዘቡ ሲገባልሽ ወደ ሦስት ወር ሊጠጋው ነው። ከዚያም ላይ መያዣ ይቀነሳል፣ ቅድመ ክፍያው ይመለሳል። ያንቺ ውል የተለየ ቀን ሊኖረው ይችላል። ቀኑን ፈልጊና የባንክ ወለዱን አስቢ።

የትርፍ አጣጣልሽንም ፈትሺ። «ከዋጋው 20 በመቶ ትርፍ» አስበሽ ወጪውን በ1.2 ካባዛሽ 20 አላገኘሽም፣ 16.7 ነው ያገኘሽው። ወጪው 1,000,000 ከሆነ ለ0.8 ተካፍሎ 1,250,000 መሆን ነበረበት። አንቺ 1,200,000 ጻፍሽ። ይህ ብቻውን 19 በመቶ አይሞላም፤ ግን ከሌላው ጋር ሲደመር ይሞላል።

የንዑስ ተቋራጮችን ፕሮፎርማ በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ርካሹን ወስደሽ ከሆነ ምን እንዳላካተተ ደውለሽ ጠይቂ። መስታወቱ አለበት? መግጠሚያው? ግብሩ? ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል?

እና ልፈርም ወይ ላልሽው። ጉድጓዱን በቁጥር እስክታውቂው ድረስ ማንም ሊመልስልሽ አይችልም። ቀኑ ከጠበበ ሁለት ሌሊት ሥሪበትና ቁጥሩን አውጪ። ጉድጓዱ ትርፍሽን ብቻ የሚበላ ከሆነ እኔ እፈርም ነበር። ሠራተኛ ይዞ መቆየትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ማግኘትም ዋጋ አለው። ትርፉን አልፎ ቀጥታ ወጪው ውስጥ ከገባና ኪሳራው ከማስከበሪያው ብዙ እጥፍ ከሆነ ግን ማስከበሪያው ቢወረስ ይሻላል። ያመኛል ስልሽ፣ አንዴ ይቆርጥሻል እንጂ ለሁለት ዓመት አያደማሽም። ከዚያ በፊት ግን የጨረታ ሰነዱን አንብቢ። አንዳንዱ ሰነድ አሸንፎ ያልፈረመን ለተወሰነ ጊዜ ከሌላ ጨረታ ያግዳል። የሕግ ሰው አማክሪ።

የድምር ስህተት ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰነዶች ላይ የሚገዛው ነጠላ ዋጋው ነው፣ ጠቅላላው በእሱ ይታረማል። ነጠላ ዋጋውን ራሱን «ተሳስቼ ነው» ብለሽ ማሳደግ ግን አትችዪም። አሠሪው ዋጋሽ ከልክ በላይ ወርዷል ብሎ ትንታኔ ከጠየቀሽ አትዋሺ። ያልተሟላውን እንዳልተሟላ አሳዪው። ካላሳመነው ሊጥልሽ ይችላል። አንቺ ላለሽበት ሁኔታ ይሄ ከሁሉም የቀለለ መውጫ ነው።

የውሉንም ዓይነት እዪ። ተለክቶ የሚከፈልበት ከሆነ የቢኦኪው መጠን ስህተት ሳይት ላይ ሲለካ ይስተካከላል። በጥቅል ዋጋ ከሆነ ያጎደልሽው መጠን ያንቺው ዕዳ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። «ዝም ብለሽ ግቢ፣ በቫሪየሽን (በኋላ በሚጨመር ወይም በሚለወጥ ሥራ) ታካክሺዋለሽ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። የሚጨመር ሥራ መጀመሪያ የሚሰላው በዚያው በረከሰው ነጠላ ዋጋሽ ነው። ሥራው በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። ፊዲክ መጠን ከ10 በመቶ በላይ ሲለወጥ ነጠላ ዋጋ የሚከለስበት አንቀጽ አለው፤ ግን ሌሎች መስፈርቶችም አብረው መሟላት አለባቸው፣ ከመጀመሪያ ስህተት ለማዳንም የተጻፈ አይደለም።

ስለወደቅሽባቸው ሁለቱ አትጨነቂ። በትክክለኛ ስሌት ውድ ሆኖ መውደቅ ጤና ነው። ሲከፈቱ የተነበቡትን ዋጋዎች ግን በአንድ ደብተር ያዢ፣ ከራስሽ የቀጥታ ወጪ ግምት ጎን። አሥር ጨረታ ሲሞላ ተወዳዳሪዎችሽ ምን ያህል እንደሚጨምሩ ይታይሻል።

አሁን የፎርምወርኩን መስመር አውጪና የምድር ቤቱ ከፍታ ስንት እንደሆነ ጻፊልኝ። ሱቅ ይሆናል ብለሻል አይደል? ሱቅ ከሆነ 3 ሜትር አይመስለኝም።