ምግብ ብንቀንስለት ካንሰሩ ይራባል?

ጥያቄ፦ የ68 ዓመት አባቴ የፕሮስቴት ካንሰሩ ወገብ አጥንቱ ላይ ደርሷል ተብሎ በየ3 ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋል። «ካንሰር የሚኖረው በስኳርና በአሲድ ነው» ስለተባልን እንጀራ ቀንሰንበት፣ ጠዋት ጠዋት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንሰጠዋለን። በጣም ከሳ። ምን ይሻላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሶዳውን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ምግቡን ይመልሱለት፣ መክሳቱንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሰማችሁት ነገር መነሻ አለው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ የካንሰር ሴሎች ስኳር አብዝተው እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ፕሮስቴት (ከወንድ ፊኛ ሥር ያለው፣ የዘር ፈሳሽ የሚያመነጨው አካል) ግን ለየት ይላል። ጤነኛው ሴል ዚንክ የሚባለውን ማዕድን ያከማቻል፤ ዚንኩ ሲትሬት (ሴሉ ከምግብ ጉልበት ሲያወጣ መሃል ላይ የሚሠራው ውህድ) እንዳይቃጠል ስለሚያግድ ሲትሬቱ ከዘር ፈሳሽ ጋር ይወጣል። ሴሉ ወደ ካንሰር ሲለወጥ ዚንኩን ያጣና ሲትሬቱን ለራሱ ጉልበትና ስብ መሥሪያ ያውለዋል። ካንሰሩ ስኳር አብዝቶ መጠቀም የሚጀምረው ባብዛኛው በሽታው ሲከፋ ነው። (ዚንክ በእንክብል መስጠት ይህን አይመልስም፤ ሴሉ ዚንክ የሚያስገባበትን በር ዘግቷል።)

አሲዱም እውነት ነው፤ የሚጠራቀመው ግን እዚያው ዕጢው ዙሪያ ነው። ፋይብሮብላስት የሚባሉ የአካባቢው ሴሎች ስኳርን ወደ ላክቴት (ስኳር ሲብላላ የሚቀረው፣ ከአሲድ ጋር የሚወጣ ውህድ) ቀይረው ለካንሰሩ ያቀብላሉ። አሲዱ በሽታ ተከላካይ ሴሎችን ያደክማል፣ ሴሎችን አቅፎ የያዘውን መረብ የሚበሉ ኢንዛይሞችን ያነቃቃል፤ ካንሰሩም መውጫ ያገኛል። አጥንት ሲደርስ ደግሞ የመቅኒው ስብ ይቀልበዋል።

ሶዳ እዚያ አይደርስም። የደም ፒኤችን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ልክ የሚይዙት ሳንባና ኩላሊት ናቸው፤ ትርፉን ሶዳ ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። የሚቀረው ጉዳቱ ነው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለው፤ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው ከ2,000 በታች ነው። ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት አደገኛ ነው።

ማስራቡም እንዲሁ። ምግብ ሲጠፋ ጉበት ከጡንቻ ፕሮቲን ስኳር ይሠራል፤ የሚያልቀው የአባትዎ ጡንቻ ነው። የሆርሞን መርፌው ራሱ የወንድ ሆርሞንን ስለሚቀንስ ጡንቻና አጥንት ያሳሳል፣ የደም ስኳርም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የሚቀነሰው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። እንጀራው በሽሮ፣ በእንቁላል ወይም በሐይቁ ዓሣ ይቅረብ። አጥንቱ እንደሚችል ሐኪሙ ካረጋገጠ በቀን 30 ደቂቃ በእግር ይሂድ። ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ፣ ስለ ደም ስኳር ምርመራም ይጠይቁ።

የወገብ ሕመሙ ድንገት ከበረታ፣ እግሩ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለው ቀጠሮ አይጠብቁ። ዕጢው ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት፤ ከዘገየ እግሩ ላይመለስ ይችላል።