ስድስት ነገር በአንድ ዓርማ?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ታፔላ እጽፋለሁ። አንድ የወጣቶች ማኅበር ዓርማ ሥራልን አለኝ። የጮቄ ተራራ፣ ጤፍ፣ ቀፎ፣ በሬ፣ መጽሐፍና የተጨባበጡ እጆች፣ ሁሉም ይግባ ነው የሚሉት። የፊንላንድ ወረዳዎችን ዓርማ ሳይ ግን አንዱ ዓሣ ብቻ፣ ሌላው ጎማ ብቻ ነው። እንዴት በቃቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደንብ ስላላቸው ነው የበቃቸው። የአንዳንድ ከተሞቻቸው ዓርማ ጥንታዊ ነው፤ የገጠሩ አብዛኛው ግን የመጣው በ1949 እ.ኤ.አ. የወረዳ ዓርማ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። እንደ ጉስታፍ ፎን ኑመርስና ኦሎፍ ኤሪክሰን ያሉ ባለሙያዎች ብዙ ስለሣሉ፣ ዓርማዎቹ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ።

መሠረቱ ጋሻ ነው። ጋሻ ደግሞ ከሩቅ መለየት አለበት። ቢጫና ነጭ እንደ ወርቅና ብር ይቆጠራሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ቀለም ይባላሉ። ወርቅ ብር ላይ፣ ቀለምም ቀለም ላይ አይቀመጥም። ይሄ ላንተ አዲስ አይደለም፤ በነጭ ቆርቆሮ ላይ በቢጫ የጻፍከውን ከመንገድ ማዶ ማን ያነበዋል?

የላህቲ ከተማ ዓርማ በእሳት የተከበበ የባቡር ጎማ ነው። ባቡሩ ከተማዋን ያሳደጋት፣ እሳቱ ደግሞ በ1877 እ.ኤ.አ. ያቃጠላት ነው። እኔ የምወደው ግን የኢናሪን ነው። ኢናሪ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች፣ ትልቅ ሐይቅ ያላት፣ ሕዝቧ ዓሣ የሚያጠምድና ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን የሚያረባ ወረዳ ናት። ታዲያ ሠዓሊው ዓሣና አጋዘን ጎን ለጎን አልደረደረም፤ ዓሣው ራስ ላይ የሬንዲር ቀንድ አበቀለበት። አለቀ! ሁለት ኑሮ በአንድ ሥዕል። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ሌላም ብልሃት አላቸው። ጋሻውን ለሁለት የሚከፍለውን መስመር ቀጥ አድርገው ከማስመር ይልቅ እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ያሾሉታል፤ ደናቸው በመስመሩ ብቻ ይገባል። አንተስ ጮቄን ለምን እዚያው ተራራ ላይ በሚበቅለው በጅባራ ቅጠል አታሳይም? ላይኛውን ነጭ፣ ታችኛውን አረንጓዴ አድርገህ፣ መሐል ያለውን መስመር እንደ ጅባራ ቅጠል አሹለው። ከታች አንድ የወርቅ የጤፍ ዛላ ጎንበስ ይበል። እጆቹንና መጽሐፉን እንተዋቸው፤ እነሱ የማንም ማኅበር ዓርማ ላይ አሉ። ቀፎውና በሬው የአገራችን ስለሆኑ ያሳሳሉ፣ ግን ቦታ የለም።

ማኅበሩ እሺ ካላለህ ሁለቱንም ንድፍ በማኅተም ልክ አሳንሰህ በሐምራዊ ቀለም ወረቀት ላይ ምታላቸው። ስድስቱ ነገር የገባበት የቀለም ጠብታ ይመስላል። ጤፉ ግን ጤፍ እንደሆነ ይቀራል።