መልስ፦ ሁለት ባለ ድርብ ኮይል ሰብዉፈር ለ2 ኦም አምፕ
ወንድሜ፣ ሁለት ሰብዉፈር (የቤዝ ድምፅ ስፒከር) እስከ 2 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ከሚችል አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ጋር እንዴት እንደምታገናኝ ጠይቀሃል። እያንዳንዱ ሰብዉፈር ሁለት ኮይል (ስፒከሩን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) አለው፤ አራቱንም ኮይል በትይዩ (ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ) እንዳታገናኝ! ኮይሎቹ እያንዳንዳቸው 4 ኦም ናቸው ብለሃል፤ በትይዩ ሲሆኑ 1 ኦም ይሆናሉ። ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አምፕህ ደግሞ ከ2 ኦም በታች አይችልም። ይግላል፣ ራሱን ያጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

የሚያዋጣህ የእያንዳንዱን ሰብዉፈር ሁለት ኮይል በተከታታይ (የአንዱን ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ) ማሰር ነው። 8 ኦም ይሆናሉ። ከዚያ ሁለቱን ሰብዉፈሮች በትይዩ አገናኛቸው፤ 4 ኦም ታገኛለህ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርገህ የተመኘኸውን 2 ኦም አታገኝም። ለዚያ ኮይላቸው 2 ኦም የሆኑትን መግዛት ነበረብህ።

አምፕህ በ4 ኦም 300 ዋት ስለሚሰጥ ለእያንዳንዱ 150 ይደርሰዋል። ሰብዉፈሮቹ 250 ቢችሉም ችግር የለውም፤ ዋት ማነሱ በራሱ አያቃጥልም። የሚያቃጥለው «አልጮኸልኝም» ብሎ ጌይኑን (አምፑ ላይ ያለውን የሚገባውን ድምፅ ማስተካከያ) እስከ ጥግ መክፈት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «1500 ዋት ማክስ» እርሳው፣ እሱ ለገበያ ነው። አርኤምኤሱን (ያለማቋረጥ የሚችለውን ዋት) እይ።

ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርግ። ከማብራትህ በፊት በመልቲሜትር ለካ፤ በ4 ፈንታ 3 ኦም ከምናምን ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ ጤነኛ ነው።