የበሽሎ ድንጋይና የዲፈረንሻሉ ክዳን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ከደሴ ወደ ደላንታ ዕቃ አመላልሳለሁ። ባለፈው ወር የበሽሎ ቁልቁለት ላይ የኋላውን ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ባለጥርስ ክፍል) ክዳን ድንጋይ መታውና ጎደጎደ፤ ከዚያ ወዲህ ስነዳ የሚፋቅ ድምፅ አለ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ክንፍ ክንፍ ያለው ወፍራም የአሉሚኒየም ክዳን ልኮልኛል። ሻጮቹ «ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ድንጋይም አይበግረውም» ብለውታል። ልግጠመው?
ሹፌር ነኝ፣ ከኩታበር

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፤ መኪናዋን ግን ዛሬውኑ አቁማት። ወደ ውስጥ የገባው የክዳኑ ላሜራ የኮሮናውን (ውስጥ የሚዞረውን ትልቅ ባለጥርስ ክብ) ጥርስ እየነካ ነው። የተፋቀው ብረት ከዘይቱ ጋር እየዞረ ኩሽኔታዎቹን ይበላል። ክዳኑን ስትፈታ ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ተቀበልና በሁለት ጣትህ እሸው። የሚቆረቁር ነገር ካለው ውስጡ በደንብ ይታጠብ፣ ኩሽኔታዎቹም ይታዩ። ቡና በወተት ከመሰለ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ መተንፈሻው እንዳልተደፈነ አረጋግጥ። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በመተንፈሻው አየር ካላገኘ ዘይቱን በሚይዙት የጎማ ማሸጊያዎች በኩል ውሃ ይስባል።

ስለ ማቀዝቀዙ የተባለውን ተወው። በእኛ መንገድ እነዚያ ክንፎች ከሳምንት በኋላ በጭቃ ይሞላሉ። አንተ ክዳን የምትለውጠው ለድንጋይ ብለህ ነው፤ ለድንጋይ ደግሞ አሉሚኒየምን አላምነውም። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ለአንድ ደንበኛዬ በገዛ እጄ ገጠምኩለት። መኪናው ተጎትቶ ሲመጣ ክዳኑ ላይ የነበረው ስንጥቅ ከፀጉር አይወፍርም፤ ዘይቱ ግን ጠብ ጠብ እያለ አልቆ ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ባለጥርስ) በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። የፋብሪካው ላሜራ ቢሆን ይጎደጉድና ብዙ ጊዜ ቤት ያደርስሃል። ወንድምህ ሊመልሰው ከቻለ መልሶ ከወፍራም ብረት የተሠራ ይላክልህ።

ስትገጥም አትቸኩል። ከቤት ጠንከር ያለ ሊጥ አስመጣና በአዲሱ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፍ፤ ክዳኑን በጥቂት ቡሎን ያዝና ወደ ዲፈረንሻሉ የሚመጣውን ዘንግ በእጅህ አዙር። ፈትተህ ስታየው ኮሮናው ሊጡን እስከ ብረቱ ካረሰው ያ ክዳን አይሆንህም። ክዳኑ ከሆነህ ግን ሊጡን ጠርገህ፣ መጋጠሚያውን ዘይት እስኪለቅ አጽድተህ፣ ሲሊኮን ቀብተህ ዝጋ። ክዳኑ በወፈረው ልክ ቡሎኖቹም መርዘም አለባቸው። የድሮዎቹ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዘው የጠበቁ ይመስሉሃል፤ መንገድ ላይ ይለቃሉ። አሥሩንም ፊት ለፊት እያቀያየርህ ቀስ በቀስ አጥብቅ።

ብዙ ሰው የሚስተው የዘይቱን ከፍታ ነው። በአዲሱ ክዳን ላይ የመሙያው ቀዳዳ ከድሮው ከፍ ብሎ ከተበሳ፣ እስከ እሱ ስትሞላ ዘይቱ በዝቶ ወደ ጎማዎቹ ይሄድና ፍሬኑን ያርሰዋል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬንህ ዘይት ሲነካው አያድርስ ነው! የድሮውን ቀዳዳ ከፍታ ለካና እዚያ ላይ አቁም።

ላንድክሩዘር ያላችሁ ደግሞ ይህን ክዳን አትፈልጉ። የእናንተ የኋላው ከጀርባ አይፈታም፤ ጥርሱ በሙሉ የሚወጣው ከፊት በኩል ነው። የአንተም የፊተኛው ዲፈረንሻል ክዳኑ ተበይዶ የተዘጋ ነውና አይለወጥም። ላሜራውም ስስ ነው፤ ለእሱ ከአክስሉ ጋር በቡሎን የሚታሰር የብረት መከላከያ አሠራለት።