ከ«ክሊር ስፖት» ልጀምር ወይ ላልከው

«ትራውት ማስክ ሬፕሊካን ሞክሬ አምስተኛው ዘፈን ላይ አቋረጥኩት። ክሊር ስፖት ለገበያ ተብሎ ስለተሠራ ይቀላል ይላሉ። ከእሱ ልጀምር ወይስ የውሸት ቢፍሃርት ነው?» ላልከው ወንድማችን፦ ከእሱ ጀምር፣ የውሸት አይደለም። (ሁለቱም የአሜሪካዊው ሮክ ሙዚቀኛ የካፕቴን ቢፍሃርት አልበሞች ናቸው።) ግን አሰማሙን ካላወቅህበት «ደህና የብሉዝ ሮክ አልበም ነው» ብለህ ታልፈዋለህ፤ ያም ሌላ ኪሳራ ነው።

ትራውት ማስክ (1969፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያስቸገረህ ጆሮህ ሰንፎ አይደለም። ሁለት ሸክላ፣ 28 ትራክ ነው። ጊታሮቹ፣ ቤዙና ድራሙ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቆጠራ ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ዶን ቫን ቭሊት፣ ማለትም ካፕቴን ቢፍሃርት፣ ድምፁን ሲቀዳ ሄድፎን አላደርግም ብሎ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ሾልኮ በሚመጣው ድምፅ ነው አብዛኛውን የዘፈነው። ድምፁ ከባንዱ ላይ ተንሳፍፎ የሚሰማህ ለዚህ ነው።

ክሊር ስፖት በ1972 ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ቴድ ቴምፕልማን ነበር፤ በዚያው ዓመት የታወቀውን የአሜሪካ ሮክ ባንድ፣ የዱቢ ብራዘርስን «ቱሉዝ ስትሪት» አልበም የሠራው ሰው። ቴምፕልማን እንግዳውን ነገር አላጠፋውም። ቦታ ቦታ አስያዘው እንጂ። ከ12ቱ ዘፈኖች 11ዱ ከ4 ደቂቃ ያንሳሉ፣ አብዛኞቹ አዝማች አላቸው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባንዱ ግን ያው የቢፍሃርት አጃቢ፣ ማጂክ ባንድ ነው፦ ዙት ሆርን ሮሎ ጊታር፣ አርት ትሪፕ ድራም፤ ሮኬት ሞርተን ደግሞ ቤዙን ለሮይ ኢስትራዳ ለቅቆ ጊታር ይዟል። ጠማማው ነገር ከላይ አይታይም፤ ምቱ ውስጥ ነው የተቀበረው።

በስልክ ስፒከር እንዳትሰማው። ቤዙ ይጠፋል፣ ሁለቱ ጊታሮች ተደባልቀው አንድ ይሆናሉ፤ የሚቀርህ የቢፍሃርት ጉሮሮ ብቻ ነው። ተራ ባለ ገመድ ኢርፎን ይበቃል።

በመጀመሪያው ቀን 3ኛውን፣ 5ኛውንና 10ኛውን ብቻ ስማ። 3ኛው «ቱ መች ታይም» ትንፋሽ መሣሪያና ሴት ተቀባዮች ያሉበት ቀጥተኛ ሶል ነው፤ አለማየሁ እሸቴን ለለመደ ጆሮ ምንም አይከብድም። መሃል ላይ መዝፈኑን ትቶ ማውራት ይጀምራል፦ ሲመሽና ሲርበው የቆየ ባቄላ እንደሚያሞቅ፣ ሰርዲን እንደሚከፍት፣ የምታበስልለት ሰው እንደሚያልም። ይህን የሚያህል የወንደላጤ ሐዘን በሶል ዘፈን ውስጥ ብዙ አይገኝም። 5ኛውና 10ኛው ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። 10ኛውን «ዘ ቢግ ለቦውስኪ» ፊልም ላይ ሰምተኸው ሊሆን ይችላል።

በማግስቱ ወደ 1ኛው፣ ወደ «ሎው ዮ ዮ ስታፍ» ተመለስ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው። አንዴ ድራሙን ብቻ ተከተል፣ አንዴ አንዱን ጊታር ይዘህ እስከ መጨረሻው አትልቀቀው፣ በሦስተኛው ሁሉንም ስማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድምፁ ጎልቶ ስለሚስበው እሱን ብቻ ሲከተል ነው፤ እንደዚያ ከሰማኸው ሰውዬው ብሉዝ እያጓራ ነው የሚመስልህ። ጊታሩን ስትይዝ ግን ሐረጉ አንተ ያርፋል ባልክበት ሳይሆን ትንሽ አለፍ ብሎ እንደሚያርፍ ትሰማለህ። እግርህ ሲሳሳት ገባህ ማለት ነው።

የአልበሙ ቁንጮ 11ኛው ነው፣ «ቢግ አይድ ቢንስ ፍሮም ቪነስ»። ባንዱ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ቢፍሃርት ዙት ሆርን ሮሎን በስሙ ጠርቶ አንድ ረጅም ኖታ እንዲመታና እንዲያንሳፍፈው ያዝዘዋል፤ ጊታሩም እንደታዘዘው ያን ድምፅ ይዞ ይቆያል። ይህን ድምፁን ከፍ አድርገህ ካልሰማኸው አልሰማኸውም። ቀጥሎ ያለው «ጎልደን በርዲስ» ከሁለት ደቂቃ በታች ነው፦ ግጥም ይነበባል፣ መሣሪያዎቹ እየጠበቁ ይመልሱለታል። ይህ ካልረበሸህ ለትራውት ማስክ ደርሰሃል።

ሲዲ የምትገዛ ከሆነ፣ ከ«ዘ ስፖትላይት ኪድ»፣ ከሌላው የቢፍሃርት አልበም ጋር አንድ ላይ የታተመው አለ። በዚያ ላይ ክሊር ስፖት የሚጀምረው ከ11ኛው ትራክ ነው። ከመጀመሪያው ከጀመርክ የምትሰማው ስፖትላይት ኪድን ነው፤ እሱ ቀርፋፋና ጨለም ያለ ሥራ ስለሆነ «ይቀላል ያሉኝ ይሄ ነው?» ትላለህ።

ከዚያ በኋላ ወደ «ሴፍ አዝ ሚልክ» (1967) ሂድ፤ ወጣቱ ራይ ኩደር ጊታር የተጫወተበት ነው። ቀጥሎ «ዶክ አት ዘ ሬዳር ስቴሽን» (1980)። «አንኮንዲሽናሊ ጋራንቲድ» (1974) ግን ይቅርብህ፤ ለገበያ ተብሎ መበላሸት ማለት እሱ ነው። እሱ ላይ ከተጫወቱ በኋላ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ቢፍሃርትን ጥለውት ሄደዋል። ወደ ትራውት ማስክ ስትመለስ ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሦስት ትራክ አትለፍ።